ከወደቀች ማን ያነሣታል?

«ስንት ትሄዳለች?» ሞተር ለገዛ ሰው የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነው። የሰፈር ልጆች ይጠይቁታል፤ የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ ይጠይቀዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ አጎት እንኳ ቡና እየጠጣ ይጠይቀዋል። ጠያቂዎቹ ክፋት የላቸውም። ከጥያቄው ሥር ግን አንድ እምነት ተቀምጧል፤ ዕቃን ለማወቅ ጣሪያውን ማየት ይበቃል የሚል። እኔ ይህን እምነት ከሌላኛው ጫፍ ልፈትነው እወዳለሁ። የአንድ ዕቃ ልክ የሚታወቀው በሚችለው የመጨረሻ ነገር ነው ወይስ ባቃተው ጊዜ በሚሆነው ነገር? ለመመርመሪያ የመረጥኩት ዕቃ ትልቅ አይደለም። ከ125 እስከ 450 ሲሲ ሞተር ያላት፣ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም እንድትሄድ ታስባ የተሠራች ሞተር ሳይክል ናት። የእኔዋ ባለ 200 ሲሲ ስትሆን ዕድሜዋ ገፍቷል።

ዕቃዋን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር በአጭሩ ላስተዋውቅ። የፊት ጎማዋ ከኋላው ይልቅ ትልቅና ቀጭን ነው። ሆዷ ከመሬት የራቀ ነው፤ ሞላዎቿ ረጃጅም ናቸው፤ ኮርቻዋ ቆሞ ለመንዳት እንዲመች የጠበበ ነው። የፊት ፓራፋንጎዋ ከጎማው ርቆ ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ለጌጥ አይደለም። ዝቅ ቢል ኖሮ የክረምት ዋልካ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየታጨቀ ጎማውን እንዳይዞር አድርጎ ይይዘው ነበር። ይህን በጭቃ ያየ ሰው ሁለተኛ ማስረዳት አያስፈልገውም። በሌላ በኩል መብራት አላት፣ ታርጋ አላት፣ ቦሎ ይለጠፍላታል፤ ከተማ ገብታ ከታክሲ ኋላ ትሰለፋለች። የአስፋልት ሞተር ጥሏት ያልፋል። የጭቃ ውድድር ሞተር ደግሞ እሷ አንድ ዳገት እስክትወጣ ሦስቱን ይጨርሳል።

ክሱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ዕቃ ሁለቱንም አጉድሎ ይሠራል ይባላል። ክሱ እውነት አለው፤ እውነቱን ሳልክድ ከሥሩ ያለውን ሐሳብ ልመርምር። ከሳሹ የሚያስበው መስመር አስምሮ ነው። በአንዱ ጫፍ አስፋልት፣ በሌላው ጫፍ ጭቃ፣ መካከል ላይ ደግሞ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ የወሰደች ደካማ። አርስቶትል ግን በኒቆማኮስ ሥነ ምግባሩ ሁለተኛ መጽሐፍ ስለ ልክ ሲናገር ይህን ዓይነቱን መካከል ለይቶ ያስቀምጠዋል። ለአንድ ሰው በግሪኮች ሚዛን 10 ምናን ምግብ ቢበዛና 2 ምናን ቢያንስ፣ አሠልጣኙ ተነሥቶ 6 ምናን አያዝም ይላል። 6 ምናን ለታላቁ የትግል ተፋላሚ ለሚሎ ትንሽ ነው፤ ትግል ዛሬ ለጀመረ ልጅ ብዙ ነው። የነገሩን መካከል በሒሳብ ማግኘት ይቻላል፤ የእኛን ልክ ግን ተመጋቢውን ሳያዩ ማግኘት አይቻልም።

የኛ አገር ሰው ይህን ያለ አርስቶትል ያውቀው ነበር፤ ያወቀውም ከበቅሎ ነው። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ተብሎ ይተረትባታል። በተረቱ ታፍራለች፤ በመንገድ ላይ ግን ማንም አያፍርባትም ነበር። መኳንንቱ ረጅም ጉዞ ሲሄዱ የሚቀመጡት በበቅሎ ላይ ነበር፤ ፈረሱ ከኋላ እየተሳበ ይሄድና የውጊያው ሰዓት ሲደርስ ነው ጌታው ወደ እሱ የሚዛወረው። ፈረስ በሜዳ ይበልጣታል። አህያ በትንሽ መኖ ይበልጣታል። ገደሉን በጠባብ መንገድ መውረድ ሲመጣ ግን ሁለቱም አይደርሱባትም። በቅሎን ግማሽ ፈረስ ብሎ የሚለካት ሰው ሜዳውን መለኪያ አድርጎ ስለጀመረ ነው የሚሳሳተው፤ ደጋውና ቆላው በገደል በሚገናኙበት አገር ሜዳን መለኪያ ማድረግ ደግሞ በራሱ ማስረጃ ይፈልጋል። ትንሿንም ሞተር በዚህ መንገድ ነው ማየት የምሻው። መጀመሪያ መንገዱን፣ ቀጥሎ ነጂውን፣ ከዚያ በኋላ ሞተሯን።

ታሪኳም ቢሆን ከትንሽ ተነሥቶ ወደ ትልቅ የሄደና ተመልሶ ወደ ትንሽ ያጎነበሰ ነው። በ1968 (እዚህ ያለው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ኢትዮጵያዊውን ሳነሣ እናገራለሁ) ያማሃ ዲቲ 1 የተባለችውን ባለ 250 ሲሲ አወጣ። በመንገድም በዱርም የምትሄድ ሞተር ለተራው ገዢ የደረሰችው ከእሷ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። ሆንዳ በ1972 ባለ አራት ምት ሞተሯን ኤክስኤል 250 አስከተለ፤ ያማሃ ደግሞ በ1976 ኤክስቲ 500ን። የመጀመሪያውን የፓሪስ ዳካር ውድድር በ1979 ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሲሪል ኔቩ የነዳው ይህችኑ ባለ አንድ ሲሊንደር ኤክስቲ 500 ነበር። በ1980 ቢኤምደብሊው ባለ 800ውን አር 80 ጂኤስ አመጣ፤ በ1981 እና በ1983 በዚሁ ቤት ሞተር ዳካርን የወሰደው ኡቤር ኦሪዮል ነው። ኦሪዮል የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ በ1952። ይህን ባገሬ ልጅ ለመኩራት አላነሣሁትም። ወደ ኋላ የምመለስበት ነገር ስላለ ነው።

ከዚያ ወዲህ ማደግ ሆነ። የቅርብ ዓመታት ትልቅ የጀብድ ሞተር፣ ለምሳሌ አር 1250 ጂኤስ አድቬንቸር፣ 136 የፈረስ ጉልበት አለው፤ 30 ሊትር ነዳጅ ይይዛል፤ ነዳጁ ተሞልቶ 268 ኪሎ ይመዝናል። ድንቅ መሣሪያ ነው፤ የነዳው ሰው የሚያወራውን ሁሉ አምናለሁ። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ማደጉን ያስጀመረው ውድድር ራሱ ከ2011 ጀምሮ ሞተሮቹን ከ450 ሲሲ በላይ እንዳይሆኑ ከለከለ፤ ፍጥነቱ ሰው መግደል ስላበዛ። የገበያው ትልቅነት ከውድድሩ የተወረሰ ነበር፤ ውድድሩ ከተወው በኋላ ግን ገበያው ይዞት ቀረ። በጎን ደግሞ ሕንድ ውስጥ ሮያል ኢንፊልድ በ2016 ሂማላያን የተባለችውን አወጣ። 411 ሲሲ፣ 24 ተኩል ገደማ የፈረስ ጉልበት፣ ፒስተኗ ከስፋቱ ይልቅ ረጅም መንገድ የሚመላለስ፣ ስለዚህም በዝቅተኛ ዙር ቀስ ብላ የምትጎትት። በወረቀት ላይ ስትታይ የምታሳፍር ናት። ገዢ ግን አላጣችም።

አሁን ወደ መውደቅ ልምጣ።

ሞተር ሳይክል ሁለት እግር ብቻ ያለው ዕቃ ስለሆነ መውደቅ ለእሱ አደጋ ብቻ አይደለም፤ ባሕርዩም ነው። ብዙው መውደቅ ደግሞ በፍጥነት የሚደርስ አይደለም። ሰው የሚወድቀው ኮረኮንች ላይ ሊዞር ሲል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፍቶበት እግሩ መሬት ሲያጣ፣ በወንዝ መሻገሪያ ድንጋይ ሲንሸራተትበት፣ ዋልካ ላይ ሳያስበው ነው። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ አይበልጥም። የሚጎዳው አጥንት ሳይሆን ብዙ ጊዜ የፍሪሲዮን እጀታ ወይም መስታወት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ደቂቃ ግን የሞተሩን እውነተኛ ክብደት ያሳያል። ቁልፉን ታጠፋለህ፤ ቤንዚን ይፈስሳልና ቶሎ ማለት ያስፈልጋል። እንዳትንከባለል ማርሽ ታስገባለህ። በወደቀችበት በኩል ቆመህ ጀርባህን ወደ እሷ አዙረህ፣ በአንድ እጅ መሪውን፣ በሌላው ከኮርቻው ሥር ያለውን ብረት ይዘህ፣ ወገብህን ሳታጎብጥ በእግርህ ወደ ኋላ ትገፋለህ። ጥበቡ ይኸው ነው፤ ጥበቡ ግን ክብደትን አይሽርም። ሆንዳ ሲአርኤፍ 300ኤል 142 ኪሎ ናት። ሂማላያን 200 ኪሎ ገደማ። ትልቁ ላይ ሻንጣዎቹንና መሣሪያውን ስትጨምርበት ከሦስት ኩንታል ይዋሰናል። የመጀመሪያዋን አንድ ጤነኛ ሰው ብቻውን ያነሣታል። ሁለተኛዋን እየማለ ያነሣታል። ሦስተኛውን ሜዳ ላይና ሳይደክም ሊያነሣው ይችል ይሆናል፤ በሦስተኛው መውደቅ፣ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ላይ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ግን አያነሣውም።

ትልቁ ሞተር በመሄድ ጊዜ ትንሿን ይበልጣታል። በመቆም ጊዜ ሁለቱ እኩል ናቸው። በመውደቅ ጊዜ ትንሿ ትበልጠዋለች። እንግዲህ ከሦስቱ ሁኔታዎች የትኛው ዳኛ ይሁን? የተለመደው መልስ «መሄድ ነው፣ ሞተር የሚገዛው ለመሄድ ነውና» የሚል ነው። እኔ ግን የዕቃ ችሎታ ነጂው ደኅና ሳለ የሚገለጥ ሲሆን፣ የዕቃ ጉድለት የሚገለጠው ነጂው በደከመ ጊዜ ነው እላለሁ። ችሎታው የሚመጣው ስንፈልገው ነው፤ ጉድለቱ ቀን አይመርጥም። ስለዚህ አንድ ዕቃ ለእኔ የሚበቃ መሆኑን ለማወቅ፣ የሚያቅተው ነገር እኔ ከምችለው በላይ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ አለብኝ። ጉድለቱ በእኔ አቅም ልክ የሆነ ዕቃ በቂ ነው። ጉድለቱ ከአቅሜ በላይ የሆነ ዕቃ ግን፣ ችሎታው ምንም ያህል ቢሆን፣ ለእኔ ገና ብድር ነው።

ይህን በቴሌቪዥን ያየነው ነገር አለ። በ2004 ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን ከለንደን ተነሥተው በምሥራቅ በኩል ዓለምን ሲዞሩ የያዙት ትልልቆቹን የቢኤምደብሊው ሞተሮች ነበር። ሞንጎሊያ ላይ የካሜራ ባለሙያቸው የክላውዲዮ ፎን ፕላንታ ሞተር ተሰበረ። በምትኩ እዚያው የተገዛችለት ኢዝ ፕላኔታ የተባለች፣ ከ350 ሲሲ የማትበልጥ ቀይ የሩሲያ ሞተር ናት። መንገድ የሌለበትን ያንን ሜዳ፣ ትልልቆቹ እየወደቁ ሲያልፉት፣ እሷ ቀለል አድርጋ ሄደችበት። ከዚያ ታሪክ ትንሿ ትሻላለች ብሎ መደምደም ይቀላል፤ እኔ ያን ያህል አልሄድም፤ ኢዝም ብዙ ጊዜ ቆማለች። ብትቆምም ግን ብልሽቷ በመንደር ሰው እጅ የሚጠገን ነበር።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጉልበት የሚባለው ነገር የማን እንደሆነ ያስጠይቃልና። ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን ብቻ አይደለም፣ አየርም ነው፤ አየሩ ደግሞ የባለቤቱ አይደለም። ባሌ ውስጥ በሳነቴ አምባ መንገዱ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ሲወጣ 4,377 ይደርሳል። እዚያ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ስለሆነ፣ ሲሊንደሩ በአንድ ምት የሚስበውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባለ 24 ጉልበቷ ሞተር በ16 ገደማ ትሄዳለች። ባለ 136ቱ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። የትልቁ ተከራካሪ ይህን ሰምቶ ደስ ሊለው ይገባል፤ የቀረለት ጉልበት ከትንሿ ሙሉ ጉልበት በብዙ ይበልጣልና። አዎ፤ ግን በዚያ መንገድ 90 ጉልበትን የሚያወጣበት ቀጥታ የት አለ? ጠጠሩ፣ ጉሙና መታጠፊያው ከ16 በላይ አይጠይቁም። አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ፣ ሁላችንም በወረቀት ላይ ከተጻፈልን አንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሰን ነው የምንነዳው። (በካርቡራቶር የምትሠራ ሞተር ቆላ ተስተካክላ ደጋ ስትወጣ ቤንዚን ይበዛባታል፤ ካንዴላዋ ይጠቁራል፤ ማርሚታዋ ትጨሳለች። ኮምፒዩተር ያላቸው አዳዲሶቹ ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ሊመሰገኑ ይገባል።)

የባለቤትነት ጥያቄ ከዚህ ይከተላል። ሞተር የእኔ ናት የምለው ለምንድን ነው? ሊብሬው ላይ ስሜ ስላለ? በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ልዩ ፈቃድ ከሌላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ከለከለ። በማግሥቱ የብዙ ሰው ሊብሬ እንደነበረ ነበር፤ ስሙም ታርጋውም አልተነካም። የክልከላውን ምክንያት ትቼ የባለቤቶቹን ሁኔታ ብቻ ብመለከት፣ በእጃቸው የቀረው ብረት ነው። አርስቶትል በሪቶሪካው ሀብት ማለት በመያዙ ሳይሆን በመጠቀሙ ነው የሚል አሳብ አለው። የዚያ ሰሞን ሸራ ለብሳ በየግቢው የቆመች ሞተር የእሱን ክርክር ታጠናክራለች።

መጠቀምም ብቻውን አይበቃም። የአሜሪካዊው የሮበርት ፐርሲግ ታዋቂ መጽሐፍ በ1974 የታተመ ሲሆን፣ መነሻው በ1968 ከልጁ ጋር በባለ 305 ሲሲ ሆንዳ ያደረገው ጉዞ ነው። አብሮት የሚሄደው ጓደኛው ውድ ቢኤምደብሊው አለው፤ ሞተሩን መንካት ግን አይወድም። አንድ ቀን የጓደኛው መሪ ላላ። ፐርሲግ ከቢራ ጣሳ ቀጭን ብረት ቆርጦ ከሥሩ ሊሸጉጥለት ሐሳብ ሲያቀርብ ሰውየው ተቀየመ፤ የዚያን ያህል ዋጋ ያለው ሞተር በጣሳ ቁራጭ! ፐርሲግ በዚህ ቅያሜ ላይ ረጅም ይቆያል። እኔ የምወስደው አንዱን ጎን ብቻ ነው። ጓደኛው ሞተሩን በሙሉ ይጠቀምበታል፤ ጉድለቱን ግን አይጠቀምበትም፣ ለሌላ ያስረክበዋል። ስለዚህ ሞተሩ የእሱ የሆነው ደኅና በሆነበት ሰዓት ብቻ ነው።

በእኛ ጎረቤት የሆነው ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በ1988 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ባሪ ኮልማንና አሜሪካዊው የግራንድ ፕሪ ተወዳዳሪ ራንዲ ማሞላ ሶማሊያ ሄደው፣ ለጤና ሠራተኞች ተብለው የመጡ ሞተሮች ያለ ሥራ ተጥለው አዩ። ብዙዎቹ የቆሙበት ምክንያት ትልቅ ስብራት አልነበረም፤ ጥገና የሚያውቅና መለዋወጫ የሚያቀርብ ሰው መጥፋቱ እንጂ። ኋላ ላይ ራይደርስ ፎር ሄልዝ የተባለውን ድርጅት የወለደው ያ ትዝብት ነው፤ በአፍሪካ አገሮች የጤና ሠራተኞችን ሞተር ሳይበላሽ በፊት መጠበቅን ሥራው ያደረገ። እነዚያ ሞተሮች ትንንሽ ነበሩ። ትንሽነት ብቻውን እንዳላዳናቸው ልብ ይሏል። ጉድለታቸው ለሰው አቅም ልክ ነበር፤ አቅሙን የያዘ ሰው ግን አጠገባቸው አልነበረም። የእኔ መለኪያ ስለዚህ የዕቃው ጠባይ ብቻ ሊሆን አይችልም። በዕቃውና በሰው መካከል የሚሆን ነገር ነው፤ ካቻቢቴና ፒንሳ መያዝንና ባልቦላ ማስተካከልን እስከ መማር ይደርሳል። ከገበያ ከተማ ሁሉ ዳር አንድ ጎሚስታ መኖሩም፣ የባጃጅ ቦክሰር መለዋወጫ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሳሙና አጠገብ መገኘቱም የዚሁ መለኪያ ክፍል ነው። ብርቅ የሆነች ትንሽ ሞተር ከተለመደች ትልቅ ሞተር የባሰች ባዕድ ልትሆን ትችላለች።

እስካሁን የተናገርኩት ለእኔ የሚያደላ ነው። በሌላ ወገን ያለውን ሰው ልስማ።

የመጀመሪያው ተቃዋሚ የግብርና ልማት ሠራተኛው ነው። እሱ በ125 ሲሲ ሞተር የዘር ናሙና ጭኖ ቀበሌ ለቀበሌ ሲዞር፣ እኔ ስለ በቂነት የምጽፈውን ቢያነብ ይስቃል። «አንተ ትንሹን መረጥህ፤ ለእኔ ግን የተሰጠኝ እሱ ብቻ ነው» ይለኛል። ልክ ነው። ትልቁን መግዛት የሚችል ሰው ትንሿን ሲያወድስ ጾመኛ የመሰለ ጥጋበኛ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ያለኝ መልስ አንድ ነው፦ ክርክሬ ከእሱ የተቀዳ እንጂ እኔ የፈለሰፍኩት አይደለም። ያቺን ሞተር ለገጠር ሥራ የመረጧት መሥሪያ ቤቶች ፍልስፍና አልነበራቸውም፤ የቆጠሩት ሞተሯ ምን ያህል ቀን ቆማ እንደምትውል ነው። እሱ የኖረውን እኔ በወረቀት እከተለዋለሁ።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ይከብዳል፤ እሱም የአስፋልት መንገዱ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ደጀን በሚወጣው ጠመዝማዛ ትንሿ ሞተር ጌታ ናት፤ ተሳቢዎቹ ከእሷ ቀስ ብለው ነው የሚወጡት። ዳገቱ አልቆ ሜዳው ሲዘረጋ ግን ዶልፊኑ በመቶ ምናምን ከኋላ ይመጣል። ባለ 24 ጉልበት ሞተር በ90 ስትሄድ የቀረላት ትርፍ ጥቂት ነው። የጭነት መኪና ለመቅደም የምትፈልገው ርቀት ረጅም ነው፤ በዚያ ርቀት ውስጥ ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና አለ። ትልቁ ሞተር ይህን በሁለት ሰከንድ ይገላገለዋል። እንግዲህ የራሴን መለኪያ በራሴ ላይ ልጠቀምበት። ትንሿ ሞተር እዚህ ሲያቅታት የሚደርሰው ነገር በእኔ አቅም ልክ ነው? አይደለም። ለመቅደም ጀምሮ አለመጨረስ በእጅ የሚነሣ መውደቅ አይደለም። ስለዚህ መለኪያዬ ትክክል ከሆነ በዚያ መንገድ ላይ ትንሿ በቂ አይደለችም፤ ወይም በቂ የምትሆነው ነጂው መቅደምን ፈጽሞ ሲተው፣ ከተሳቢው ኋላ ጢስ እየጠጣ ሲሄድ ነው። እኔ የምተወው ነኝ። ሁሉም ሰው ይተው ማለት ግን አልችልም፤ ትዕግሥትን እንደ መለዋወጫ ለማንም መግጠም አይቻልምና።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ የፊዚክስ ነገር አለ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በመጋጨት ጊዜ የሚወጣው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ከ120 መውደቅ ከ60 መውደቅ ጋር የዘመድ ስም እንኳ አይጋራም። ትንሿ 120ን ሁልጊዜ ስለማትደርስበት በዚህ በኩል ትጠብቀኛለች ልል እችላለሁ፤ ግን በ60 የወደቀም ይሞታል። የሄልሜትን ጥቅም ከመረመሩ ጥናቶች ተሰብስቦ የተገኘው ግምት የሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 ከመቶ ይቀንሳል ይላል። የቀረውን ድርሻ ሄልሜት አያወጣውም። ልጆች ያሉት ሰው ይህን ቀሪ ሒሳብ በሐተታ አያወራርደውም፤ እኔም አልሞክርም።

ሦስተኛውን ተቃዋሚ እስከ መጨረሻ ያቆየሁት የክርክሬን መሠረት ስለሚነካ ነው። እስካሁን «ብቻዬን የማነሣት» እያልኩ ነው የመጣሁት። ነገር ግን በዚህ አገር መንገድ ላይ ወድቆ ብቻውን የቀረ ማን ነው? ሰው የለበትም ባልከው ገደል ላይ ሞተርህ ከወደቀች፣ አቧራው ሳይሰክን ሁለት እረኞች፣ አንድ ከገበያ የሚመለስ አባወራና የአንዳቸው ውሻ ቆመዋል። «አይዞህ» ከማለታቸው በፊት መሪውን ይዘውታል። ታዲያ ብቻዬን ማንሣት መቻል ለምን መለኪያ ይሆናል? ይህ መለኪያ ጎረቤት በሌለበት በረሃ ለሚነዳ የውጭ ሰው የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ኦሪዮልን ወደ ኋላ የምመለስበት ነገር አለ ያልኩት ለዚህ ነው። በ1987 ዳካርን ለማሸነፍ አንድ ቀን ሲቀረው ወድቆ ሁለት ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ፤ ተሰባብሮም የዕለቱን መንገድ ጨርሶ ደረሰ፤ ከዚያ በላይ ግን መቀጠል አልቻለም፤ ድሉንም ኔቩ ወሰደው። ብቻን መቻል እስከ የት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም፤ የት ላይ እንደሚያበቃም እንዲሁ።

ስለዚህ መለኪያዬን ላርመው። ጥያቄው ብቻዬን አነሣታለሁ ወይ አይደለም፤ ለማንሣት ስንት ሰው ከሥራው አስነሣለሁ ነው። ከባዱ ሞተር ዋልካ ውስጥ ሲቀር አራት ገበሬ ከእርሻው ይጠራል፤ በሬዎቹ ቀንበር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ባለ ሞተሩ አመስግኖ ይሄዳል፤ ምናልባት ብር ያወጣና ሰዎቹ አንወስድም ይላሉ። ትንሿን አንድ ልጅ ጅራፉን ሳያስቀምጥ ከጎን ገፋ ያደርጋታል። በሁለቱም ቦታ ዕርዳታ አለ፤ ዕዳው ግን አይተካከልም። ይህ ከመጀመሪያው መለኪያዬ ይሻላል፤ ምክንያቱም ዕድሜንም ይችላል። ተጓዡ ቴድ ሳይመን በ1973 ጀምሮ በባለ 500 ሲሲ ትራያምፍ ኢትዮጵያን ጨምሮ 45 አገር ያለፈ ሰው ነው። ወደ 70 ሲጠጋ ያንኑ መንገድ ሊደግም በ2001 ተነሣና ኬንያ ላይ እግሩ ተሰበረ፤ ሌሎች አነሡት፤ ድኖም ቀጠለ። በመጀመሪያው መለኪያ ብንሄድ ኬንያ ላይ የነዳው ሞተር ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱ አልነበረም ማለት ሊኖርብን ነው፤ ይህ ደግሞ ስህተት እንደሆነ ማንም ያየዋል።

የታረመው መለኪያ ግን የራሱ ክፍያ አለው። ሻንጣ በጫንኩ ቁጥር፣ ሰው ከኋላ ባስቀመጥኩ ቁጥር፣ «ምናልባት ያስፈልጋል» ብዬ ሁለተኛ ጄሪካን ባሰርኩ ቁጥር፣ የምጭነው በሞተሯ ላይ ብቻ አይደለም፤ ነገ መንገድ ዳር ባገኘው ሰው ወገብ ላይም ነው። 142 ኪሎዋ ሞተር በእኔ ፍርሃት ብዛት 200 ልትሆን ትችላለች፤ ያን ጊዜ ትንሽ ሞተር አለኝ ማለቴ ሊብሬው ላይ ብቻ ይቀራል። የእኔዋ የኋላ መደርደሪያ ላይ አሁን ያለው አንድ ከለመዳሪ፣ ፓምፕ፣ የመሣሪያ ጥቅልና የዝናብ ልብስ ነው። ጄሪካኑን አውርጄዋለሁ። ሁለተኛዋ ሻንጣ ላይ ገና አልወሰንኩም።